ስሟ ያልተጻፈበት መዝገብ፦ በጅማ የአንዲት ሴት ኮንስታብል ጉዳይ

ለምን ጻፍኩት

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰው ሲያገኘኝ የሚጠይቀኝ ነገር አለ። «ሴት ፖሊሶች ለምንድን ነው ቶሎ የሚለቁት?» ጠያቂው ብዙ ጊዜ መልሱን ይዞ ነው የሚመጣው። ወልደው ነው፤ ባል እምቢ ብሎ ነው፤ ሥራው ከብዷቸው ነው። እኔ የአንዲትን ልጅ ጉዳይ አነሳለሁ። ልትለቅ ማመልከቻ ጽፋ ነበር። የምታጠባው ልጅ ነበራት፣ ባሏም አጉረምርሟል፣ ሥራውም ከባድ ነው። ማመልከቻውን ያስጻፋት ግን ከእነዚህ አንዱም አልነበረም። ይህን ለማወቅ እኔ ራሴ ከሁለት ወር በላይ ፈጅቶብኛል፤ አብሬያት እየሠራሁ።

ስም አልጠራም። ጣቢያውንም አልጠቅስም። ጅማ ከተማ ውስጥ ካሉት አንዱ ነው። ነገሩ የሆነው በ2005 ዓ.ም. ሲሆን እኔ ያኔ ምርመራ ክፍል ነበርኩ።

ከእሷ በፊት የነበረው

ፖሊስ የሆንኩት በ1978 ዓ.ም. ነው። ያኔ ጅማ የከፋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ነበረች። የተሰጠኝ ቡትስ ጫማ ቁጥሩ 40 ነው፤ የእኔ እግር 37። ጨርቅ ጠቅጥቄበት ሰልፍ ወጣሁ። ሱሪውን ፈረንጅ አራዳ ወስጄ ልብስ ሰፊ ጋ ከወገቡ አስጠበብኩት። በዚያ የደንብ ልብስ ለዓመታት የሠራሁት መዝገብ ቤትና ስልክ ላይ ነው። ወንጀል ወደተፈጸመበት ቦታ የምጠራው ሴት ተጠርጣሪ ስትኖር ብቻ ነበር።

የፍተሻው ነገር ከሕግ የመጣ ነው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 32 የተያዘን ሰው የሚፈትሸው ተመሳሳይ ፆታ ያለው ሰው መሆን አለበት ይላል። ጥሩ ሕግ ነው። ችግሩ እኛ ጋ ሲደርስ «ሴት ፖሊስ የምታስፈልገው ለፍተሻ ነው» ሆኖ መቅረቱ ነው።

በሌላ በኩል ሕጉ እየተለወጠ መጣ። እኔ ስጀምር ልጅ ተጠልፋ ስትመጣ ከኋላዋ ሽማግሌ ይመጣል፣ ከሽማግሌው ኋላ የጋብቻ ወሬ ይመጣል፣ መዝገቡ ይዘጋል። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን በሕግ ካገባት ክሱ እንዲቀር በር ይከፍት ነበር። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ያንን በር ዘጋው። ባል በሚስቱ ላይ የሚያደርሰው ጥቃትም በአንቀጽ 564 ራሱን ችሎ ተጻፈ። ከዚያ በኋላ ጣቢያ የሚመጡ ሴቶች በዙ። ሁሉም ሲመጡ መጀመሪያ የሚሉት «ሴት የለችም?» ነው። የእኛ ጣቢያ ሴቶች ቁጥር ግን ያው ነበር።

ልጅቷና ጣቢያው

እኔን ሳይቆጥር ሦስት ሴቶች ነበሩ። አንዷ መዝገብ ቤት፣ አንዷ ሒሳብ። ሦስተኛዋ ይህች ኮንስታብል ናት። ዕድሜዋ 24፣ አገልግሎቷ አራት ዓመት። አማርኛና አፋን ኦሮሞ እንደ ውኃ ትናገራለች፤ ዳውሮኛም ከእናቷ ወስዳለች። ጅማን የሚያውቅ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። መዝገባችን የሚጻፈው በአፋን ኦሮሞ ነው። ከተማው ግን አማርኛ ያወራል፣ ከዳውሮ፣ ከከፋና ከየም የመጣ ሰውም ሞልቷል። ቋንቋ የቸገረው ሁሉ «እሷን ጥሯት» ይላል። ለትርጉም ትጠራለች፣ ለፍተሻ ትጠራለች፣ ልጅ ሲጠፋም ሲገኝም ትጠራለች።

ፍተሻ ላይ እንደ እሷ ያለ አላየሁም። በሩን ትዘጋለች። ከዚያ ከመንካቷ በፊት ሁለት እጇን ዘርግታ ታሳያለች፤ መዳፏን፣ ጀርባውን፣ የእጅጌዋን ጫፍ። «እህቴ፣ እይ፣ ምንም አልያዝኩም» ትላለች። ከዚያ ተጠርጣሪዋ ራሷ ነጠላዋን ፈትታ እንድታራግፈው ትጠይቃለች። መቀነቷንም ራሷ እንድትፈታ። እኔ ከሃያ ዓመት በላይ ስፈትሽ ይህ አንድም ቀን አልመጣልኝም። ቆይቼ ነው የገባኝ፤ እጇ ባዶ መሆኑን አስቀድማ ያሳየች ፖሊስ «አንቺ ነሽ ያስቀመጥሽብኝ» አትባልም። ተፈታሿም ትረጋጋለች።

ያ ሌሊት

ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል አካባቢ ተደወለላት። ሂርማታ ገበያ ውስጥ ሞባይል ሰርቃለች ተብላ የተያዘች ሴት አለች፤ ትፈተሽ። ባሏ መንገድ ላይ ነበር፣ ቤት የለም። የሰባት ወር ልጇን አዝላ ወጣች። በዚያ ሰዓት ባጃጅ የለም። ከቦሳ በኩል በእግሯ መጣች።

ፈተሸች፣ ጨረሰች። ልትወጣ ስትል አግዳሚው ላይ የተቀመጠች ሴት አየች። አንድ ዓይኗ አብጦ ተዘግቷል። ከ1 ሰዓት ጀምሮ እዚያው ተቀምጣለች። ተረኛው «የቤት ጉዳይ ነው፣ ጠዋት ትምጣ ብያታለሁ» አለ። ሴትዮዋ ደግሞ የምትሄድበት የላትም። አማርኛዋ የተሰባበረ ነው፤ የዳውሮ ልጅ ናት።

ኮንስታብሏ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ልጇ አለቀሰ፤ አጠባችው። በግራ እጇ ልጁን ይዛ በቀኟ ቃል ተቀበለች። አራት ገጽ። ሴትዮዋ በዳውሮኛ ትናገራለች፣ እሷ በአፋን ኦሮሞ ትጽፋለች፣ እንደገና በዳውሮኛ ታነብላታለች። ከዚያ ሆስፒታል አድርሳት የሕክምና ማስረጃ አስጠየቀችላት። ቤቷ ስትገባ ሌሊቱ 9 ሰዓት ሆኗል።

ጠዋት ለሰልፍ ሠላሳ ደቂቃ ዘገየች። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት።

ማመልከቻው

በሳምንቱ ቢሮዬ መጣች። ኮሪደር ላይ «ኢንስፔክተር» የምትለኝ ልጅ ያን ቀን «እትዬ» አለችኝ። ማመልከቻዋን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። «በቤተሰብ ችግር ምክንያት» ይላል።

እኔም እንደ ሌላው ሰው አሰብኩ። ልጁ ነው፣ ሌሊቱ ነው። የቀን ሥራ እናድርግልሽ አልኳት። መዝገብ ቤት ቦታ ይፈለግልሽ አልኳት። ዝም አለች። ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል። እኔን ለዓመታት የከተቱኝ ክፍል ውስጥ ልከታት ነበር፤ ያውም በደግነት።

ማመልከቻውን ለጊዜው ልያዘው ብዬ ለመንኳት። ነገሩ የተገለጠልኝ ከዚያ በኋላ፣ በአጋጣሚ ነው። የዚያችን የተደበደበች ሴት መዝገብ ለዐቃቤ ሕግ ከመላኩ በፊት ሳየው አራቱ ገጽ የእሷ የእጅ ጽሑፍ ነው። ፊደሏን አውቀዋለሁ፣ ወደ ቀኝ ያጋደለ ነው። ከታች ያለው ስምና ፊርማ ግን የአንድ ወንድ ሳጅን ነው። ሌላ መዝገብ አወጣሁ። ሌላም። የእሷ ጽሑፍ በየመዝገቡ አለ፤ ስሟ የትም የለም።

ስጠይቃት እንባዋ መጣ። ለማዕረግ ዕድገት ግምገማ ቀርባ ነበር። ገምጋሚዎቹ «የራሷ የምርመራ መዝገብ የላትም» ብለው አለፏት። አራት ዓመት ሙሉ ሌሊት እየተጠራች። «እትዬ፣ ሥራው አልሰለቸኝም። የሠራሁት የለም መባሉ ነው» አለችኝ።

ደብተሩ

ቁጣዬን ይዤ አዛዡ ጋ መግባት ፈልጌ ነበር። አልገባሁም። አንድ ባለ መስመር ደብተር ገዛሁና ሰጠኋት። አምስት ነገር ብቻ ጻፊ አልኳት፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ለምን እንደተጠራሽ፣ ምን እንደሠራሽ፣ ማን እንደፈረመ። አንድ ወር።

ሌላ የምናመሳክረው ነገር አለን፤ የዕለት ሁኔታ መዝገብ። እዚያ ላይ «ተጠርጣሪዋ ተፈትሻ ገብታለች» ይላል። ማን ፈተሻት? አይልም። ደብተሩን ከመዝገቡ ጎን ስናስቀምጠው ቀኑና ሰዓቱ ገጠመ። ከተመዘገቡት ጥሪዎች ከግማሽ የሚበልጡት እሷ ተረኛ ባልሆነችበት ሰዓት የመጡ ነበሩ። ፊርማው ደግሞ በሙሉ የሌላ ሰው።

አዛዡ ፊት

አዛዡ ክፉ ሰው አልነበረም። መጀመሪያ ያለኝ «ታዲያ ምን ላድርግ፣ ሴት የለኝም» ነው። ለእናትነቷ ይታዘንላት ብዬ ብገባ ኖሮ አዝኖ ይሸኘኝ ነበር። እኔ የገባሁት በአንቀጽ 32 ነው። ሴትን ሴት ትፈትሽ የሚለው ትብብር አይደለም፣ ግዴታ ነው። ግዴታ ከሆነ ተረኛ ዝርዝር ላይ መውጣት አለበት። ተረኛ ከሆነች ደግሞ በማግስቱ ዕረፍት አላት።

ይህን አድምጦ «እናስብበት» አለ። የወሰነው ግን ዐቃቤ ሕግ ጋ ከተፈጠረው በኋላ ነው። ዐቃቤ ሕጉ በዚያ መዝገብ ላይ ማብራሪያ ፈልጎ ፈራሚውን ጠራ። ተበዳይዋ ቃሏን የሰጠችው በምን ቋንቋ ነው? ማን ተረጎመ? መልሶ ተነቦላታል ወይ? ሳጅኑ መመለስ አልቻለም፤ በቦታው አልነበረማ። መዝገቡ ሊበላሽ ነበር። ኮንስታብሏ ተጠርታ ሁሉንም አስረዳች። በዚያው ቀን ከሰዓት አዛዡ አስጠራኝ።

ሦስት ነገር ወሰንን። ቃል የተቀበለ ሰው ማዕረጉ ምንም ይሁን ስሙንና ፊርማውን ራሱ ያኖራል፤ መዝገቡን የሚመራው መርማሪም ከጎኑ ይፈርማል። ሦስቱ ሴቶች በተራ የሌሊት ተረኛ ይሆናሉ። ሴትና ልጅ በስውር የሚናገሩበት አንዲት ክፍል ይዘጋጃል። ማስጠንቀቂያውም ከማኅደሯ ወጣ።

ፊርማው

ከሁሉ የሠራው ይህ ነው፤ አንድ ሳንቲም አላስወጣም። ተቃውሞ ግን አልጠፋም። ያ ሳጅን ተቀየመ፤ «መዝገቤን ወሰደችብኝ» አለ። እውነት ለመናገር እሱም ክፋት አልነበረበትም። ያገኘው አሠራር ያ ነበር፤ ለእሱም ዕድገት መዝገብ ይቆጠራል። ሁለቱም ስም እንዲገባ ያደረግነው ለዚህ ነው። ማንም የነበረውን አላጣም። በኋላ ጥያቄዎችን እንዴት ቅደም ተከተል እንደምታስይዝ ያስተማራት እሱ ነው።

ተራው

እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኔ ነው። መዝገብ ቤትና ሒሳብ ያሉትን ሁለቱን ሳላማክር ስማቸውን ዝርዝር ላይ አወጣሁ። አንዷ ፊት ለፊት እምቢ አለች። ከአሥር ዓመት በላይ ተጠርጣሪ ነክታ አታውቅም፤ ፈርታለች። ቤቷም የታመመች እናት አለች። አዛዡ ሊቀጣት ሲል እኔ ነኝ ያስቀረሁት፤ ያጠፋሁት እኔ ስለሆንኩ።

ቁጭ ብለን ተነጋገርን። ሁለት ከሰዓት ፍተሻ ተለማመድን፤ አስተማሪዋ ኮንስታብሏ ናት። ያን እጅ ዘርግቶ ማሳየት ሁላችንም ከእሷ ተማርን። አንዷ ሌሊት ወሰደች። እምቢ ያለችው ቀኑን በሙሉ ወሰደችና ኮንስታብሏን ከቀን ጥሪ ገላገለቻት። በወረቀት ላይ ያሰብኩት እኩል ተራ አልሆነም፤ የሆነው ግን ቆመ።

መጓጓዣው አልተሳካም። ለጣቢያው መኪና ነዳጅ አይገኝም። ከአንድ የባጃጅ ሹፌር ጋር በወር ተስማማን፤ ክፍያው ሲዘገይበት ስልክ ማንሳት አቆመ። አልፈርድበትም። መጨረሻ ላይ ተረኛዋ እዚያው ጣቢያ ትደር አልን። ያኔ ነው አንድ ነገር የታየን፤ መጸዳጃ ቤቱ ከውስጥ አይዘጋም። ሴቶቹ ለዓመታት ከጣቢያው ማዶ ያለ ሻይ ቤት ነበር የሚሄዱት። ሻይ ቤቱ በምሽት 3 ሰዓት ይዘጋል። እኔ ራሴ እዚያው ስሄድ ኖሬ ችግር ነው ብዬ አስቤው አላውቅም። ከጅማው መርካቶ መቀርቀሪያ ገዝተን አንድ ወጣት ፖሊስ በምሳ ሰዓቱ ገጠመው። ኮንስታብሏ በተረኛነቷ ሌሊት እናቷ ከልጇ ጋር እንድታድር አደረገች፤ ለዚህ ጣቢያው ምንም አላደረገም።

ክፍሏ

የድሮ ዕቃ ማስቀመጫ ነበረች። አጸዳናት፣ መጋረጃ ሰቀልን፣ ሁለት ወንበርና ለልጅ የሚሆን ዱካ አስገባን። ተበዳዮች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው መናገር ቻሉ። አግዳሚ ላይ በሰው ፊት ቃል መስጠት ቀረ።

ግን አንድ ወር ሳይሞላ ሌላ ጣጣ መጣ። የቡና ጆንያ የተሰረቀባት ነጋዴ መጣች፤ ወደ ክፍሏ ተላከች። ባጃጅ ገጭቷት ያመለጣት መጣች፤ ወደ ክፍሏ። የመሬት ይዞታ ሰነድ ተጭበርብሮብኛል የምትል መጣች፤ ወደ ክፍሏ። «ሴት ናት፣ ወደዚያ ነው።» ኮንስታብሏ ከቀድሞው የበለጠ ታፈነች። ሌላው መርማሪ ሁሉ ደግሞ ሴት ማነጋገር አቆመ።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር እንዳልሆነ በኋላ ሳነብ ገባኝ። እ.ኤ.አ. በ1910 አሊስ ስተቢንስ ዌልስ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ፖሊስ ሆና ስትሾም የተሰጣት ሥራ የዳንስ ቤቶችንና የመሳሰሉ መዝናኛዎችን መከታተልና የጠፉ ሰዎችን መፈለግ ነበር፤ ሴቶችንና ልጆችን መጠበቅ። በ1915 በእንግሊዟ ግራንተም ከተማ ሙሉ የማሰር ሥልጣን ያገኘችው ኢዲት ስሚዝ የተመደበችው በጦር ሠፈሩ ዙሪያ ያሉ ሴቶችን እንድትከታተል ነው። የሴት ፖሊስ መግቢያ በየአገሩ ይህ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 ሕንድ ኬረላ ውስጥ፣ በ1985 ደግሞ ብራዚል ሳኦ ፓውሎ ውስጥ ለሴቶች ብቻ የሚሆኑ ጣቢያዎች ተከፍተዋል። ለተበዳይዋ መልካም ነው፤ በዚህ አልከራከርም። ፖሊሷ ግን እዚያው ስትቀር ስርቆትም፣ ግድያም፣ ማጭበርበርም ሳትመረምር ታረጃለች።

እኛ ደንቡን አስተካከልነው። ወደ ክፍሏ የሚገባው በወንጀሉ ዓይነት እንጂ በአመልካቹ ፆታ አይደለም። የተደፈረ ወንድ ልጅም እዚያ ይገባል። የቡናዋ ነጋዴ እንደማንኛውም ሰው ስርቆት መርማሪው ጋ ትሄዳለች። ኮንስታብሏም በወር ቢያንስ አንድ የስርቆት መዝገብ ራሷ እንድትመራ ተደረገ። የመጀመሪያዋ የቡና ጆንያው ነበር፤ ጆንያው ተገኘ።

ለሌላ ጣቢያ የሚሆነው

ከዚህ ሌላ ቦታ ይሠራል ብዬ የማምነው መጀመሪያ ደብተሩ ነው። አንዲት ሴት በዛብኝ ስትል «ሁላችንም በዝቶብናል» ይባላል። ቀንና ሰዓት ሲጻፍ ክርክሩ ያልቃል። የሚጽፈውም የተጠራው ሰው ራሱ ይሁን፤ ሌላ ሰው አይጽፍለትም።

ሁለተኛ፣ አዛዥ ጋ ሲገባ በሕጉና በመዝገቡ ጥራት መግባት። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ለሴቶች ልዩ ድጋፍ ይገባል ይላል፤ እኔም መጀመሪያ የያዝኩት እሱን ነበር። አዛዡን ያንቀሳቀሰው ግን መዝገቡ ፍርድ ቤት ሊወድቅ መሆኑ ነው።

ለምትለቅ ሴት «ቀለል ያለ ቦታ» ከመስጠት በፊት ምን እንደተወሰደባት መጠየቅ ያስፈልጋል። እኔ አልጠየቅኩም ነበር። የተረኛ ዝርዝር የሚያወጣ ሰው ደግሞ ስማቸው የሚገባውን ሰዎች ከማውጣቱ በፊት ያናግር። እና መጸዳጃ ቤቱን ከውስጥ ዝጉት፤ ሴት ይመደብልን ብሎ ደብዳቤ ከመጻፍ በፊት።

ከዚያ ወዲህ

የተደበደበችው ሴት እህቷ ጋ ሄዳ ተቀመጠች። ሽማግሌ ተልኮባት ነበር። በቀጠሮዋ ቀን መጥታ መሰከረች።

አዛዡ በዓመቱ ተቀየረ። የሌሊቱ ተራ ከእሱ ጋር ሄደ፤ አዲሱ አዛዥ አላወቀውም፣ በጽሑፍም አላስቀረነውም። ያም የእኔ ጉድለት ነው። የሁለቱ ፊርማ አሠራር ግን ቀረ፤ ቃል መቀበያ ቅጹ ላይ ሁለት መስመር አስገብተን ስለነበር ሰው ሁሉ ሳያስብበት ይሞላዋል።

ማመልከቻው እስከ ጡረታዬ ድረስ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ዕቃዬን ስሰበስብ መለስኩላት። ያኔ ምክትል ሳጅን ሆናለች። አጥፋ ኪሷ ከተተችው። ሴት ተጠርጣሪ መጥታ ነበርና ተጠራች፤ በመንገዷ ላይ ዝርዝሩን አየች፣ የቀኑ ተረኛ ሌላዋ ናት። ተመልሳ መጥታ ዕቃዬን አብራኝ ተሸከመች።